አንደኛ የወጣችው ታንብብ

የካቲት 4

ለቀለሜ አባት፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ የደረሰኝ የኬሚስትሪ ክፍሉን ጠርሙሶች ሳጥብ ነው። እጄ እርጥብ ስለነበር የሁለተኛው ገጽ ቀለም ትንሽ ፈሷል፤ ስድቡ ግን ሁሉም ይነበባል፣ አይጨነቁ።

ስልክ ያልደወልኩልዎ ፈርቼ አይደለም። ባለፈው የሆነውን ያውቁታል፤ እርስዎም ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ፣ መጨረሻ ላይ ማን በማን ጆሮ ላይ እንደዘጋ እስካሁን አልለየልኝም። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ ሰው ሳይወድ በግዱ የሌላውን ነገር እስከ መጨረሻው ይሰማል።

የሰሙት እውነት ነው። ልጅዎ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥታ የጠዋቱን ጸሎት አንብባለች። ከእኛ እምነት እንዳልሆነችም አውቃለሁ። «አላወቅኩም ነበር» ብል ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እዚህ ከገባች ጀምሮ በጸሎት ሰዓት ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጠውን ልጅ አላውቃትም ማለት ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ደንብ አለው። በየሩብ ዓመቱ ውጤት ሲወጣ፣ በመጨረሻው ክፍል አንደኛ የወጣችው ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጸሎቱን ታነባለች። እሷ ሳታነብ ደወል አይደወልም፤ ደወል ሳይደወል ማንም ክፍል አይገባም። ደንቡን ያወጡት ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት እናታችን ናቸው። በእሳቸው ጊዜ መድረክ ላይ የምትወጣው ሁልጊዜ የባለጸጋ ልጅ ነበረች አሉ። እሳቸውም አንድ ቀን መረራቸውና «ከእንግዲህ ያጠናች ታንብብ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ደንቡ ላይ «የእኛን እምነት የምትከተል» የሚል ቃል የለም። ለምን እንደሌለ ልንገርዎ? ማንም አላሰበውማ! የሌላ እምነት ልጅ መጥታ የእኛን ልጆች ትቀድማለች ብሎ በሕልሙም ያየ አልነበረም። ስለዚህ ውጤቱ ሲወጣ ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ወይ ልጅዎን አንደኛ ናት ብዬ መጥራት፣ ወይ ሁለተኛ ናት ብዬ መዋሸት። ጠራኋት። እሷም ተነሳችና ሄደች፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ያን የሚያህል አዳራሽ እንደ ቤቷ ሳሎን አቋርጣ።

አስቀድሜ እርስዎን ስላልጠየቅኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። አንደኛ ስለወጣች ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ሌላ የምነግርዎ ነገር የለኝም፣ ለጊዜው።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲስተር

*

የካቲት 15

ይድረስ ለሲስተር፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን አይጠይቁኝ። ይህን የምጽፈው ክሬኑ ላይ፣ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ነው። መርከቧ እስክትጠጋ ወደቡ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ሲጠሩኝ አቋርጣለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ነፋሱ ነው እንጂ ንዴቴ አይደለም። ንዴቴ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱም አይተርፍም ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ይቅርታ ብለው እግሬ ላይ ይወድቃሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ደንብ ያስተምሩኛል! ልጄ ቤት ውስጥ «ደወል» እያለች ነው የምትጠራዎት። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«ለምን ወደ እኛ ላኳት?» ብለው በእህቴ በኩል ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። ወደ እናንተ የላክኋት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው። ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ ያጭቃል። የሳይንስ ክፍሉ ቁልፍ ጠፋ ተባለ፤ ልጄ እዚያ ገብታ እስክትወጣ አልተገኘም። አስተማሪውም ሲያሻው ይመጣል። እናንተ ጋ አስተማሪ ይመጣል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለኬሚስትሪ ነው የላክኋት እንጂ ለሰማይ አይደለም። ሰማዩን እኔው አውቀዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያ ነው።

አሁን የእኛን ወገን ይስሙ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቀለሜን የምታሳድጋት እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ደንበኞቿ ገና መቀስ ያልነካውን ጨርቃቸውን እየመጡ ይወስዳሉ። ሰላም ሲሏት እንኳ መንገድ ተሻግረው ነው። የሃይማኖት ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ተቀምጠው መክረው «ልጅቷን ከዚያ አውጣ» ብለው ልከውብኛል። ሽማግሌ እምቢ ብዬ አላውቅም፣ አባቴም አያውቅም።

እስካሁን ያላወጣኋት በፈተናው ምክንያት ነው። ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ፈተና ካልወሰደች ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው፤ የተመዘገበችው ደግሞ በእናንተ ትምህርት ቤት ስም ነው። ከግቢያችሁ ከወጣች የዚህ ሁሉ ዓመት ልፋቷ ውሃ በላው። መድኃኒት መሥራት ነው የምትፈልገው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር አንስታ አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል እፈራለሁ።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጸሎቱ ውስጥ «እምነቴ ይህ ነው፣ ሌላ የለኝም» የሚል መስመር አለ ይላሉ። ብላዋለች? እሷን መጠየቅ ከበደኝ። አዎ ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም።

ሌላም አለ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ለጊዜው» የምትል ቃል አስቀምጠዋል። አልወደድኳትም። ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ እኔ በሆዴ ነገር ማሳደር አልችልበትም።

ጠሩኝ። መርከቧ ደርሳለች።

የቀለሜ አባት

*

የካቲት 24

ለቀለሜ አባት፤

አላለችውም።

ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታዬን እስኪጨርሱ ልብዎ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው። ያቺ መስመር ጋ ስትደርስ ቆመችና ቀና አለች። ያቺን መስመር ሁልጊዜ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ነው የሚላት፤ ልጆቹ ጮክ ብለው አሏት፣ እሷ አፏን ገጥማ ጠበቀች፣ ሲጨርሱ ካቆመችበት ቀጠለች። አልዋሸችም፣ ጸሎታችንንም አላቋረጠችም። ልብ ያላት ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ ብልሃት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ስለ «ለጊዜው» ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደብቄዎታለሁ። በዚያ ሳምንት የማኅበራችን አለቃ እንግዳ ሆነው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ንባቧ በጣም ደስ አላቸው። «ይህች ልጅ የማን ናት? እንዲህ አድርጎ ያሳደጋትን ሰው ባውቀው» አሉ። የሙዚቃ አስተማሪያችን አፏ አያርፍም፤ ከየትኛው እምነት እንደሆነች ነገረቻቸው። ያኔ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ከዚያ በኋላ አስጠርተው ሁለት ነገር አቀረቡልኝ። ወይ ከፈተናው በፊት እምነታችንን ትቀበል፣ «ትንሽ ሥርዓት ናት፣ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም» ነው ያሉት። ወይ «በገዛ ፈቃዷ» ትልቀቅ። እኔም እዚያው ቆሜ «አይሆንም» አልኳቸው። ለእርስዎ ሳልነግር፣ እሷን ሳልጠይቅ። ሊቆጡኝ ይችላሉ። በፈተና ተስፈራርታ የመጣች ነፍስ ለእግዚአብሔር ምን ትረባዋለች? እንደ ሌባ አጥር ዘላችሁ ሰው አምጡልኝ አላለንም።

እኔን ያሳደገችኝ ይህች ግቢ ናት። እናት አባት አልነበረኝም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ራት ያበሉኝ፣ ጫማ የገዙልኝ እነዚህ መነኮሳት ናቸው። የእምነት ቤት ባይኖር ኖሮ የስንቱ ድሃ ልጅ ዓይን ሳይገለጥ ይቀር ነበር፤ የእኛም ሆነ የእናንተ። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። የሰው ቤት ቢቆሽሽ አልፌ እሄድ ነበር፤ የራሴ ሲሆን ግን መጥረጊያ አነሳለሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ እንዳያወጧት። እርስዎ ካወጧት «በፈቃዷ ሄደች» ይሉና እፎይ ይላሉ። ሊያስወጧት ከፈለጉ በራሳቸው እጅ፣ ሰው እያየ ያስወጧት።

ሲስተር

*

መጋቢት 6

ይድረስ ለሲስተር፤

ተቆጥቻለሁ። ሳይጠይቁኝ «አይሆንም» ስላሉ አይደለም፤ እኔ ልለው የሚገባኝን ቀድመውኝ ስላሉት ነው።

አላለችውም ያሉኝን ካነበብኩ በኋላ ክሬኑ ላይ ብቻዬን ስስቅ ታች ያሉት አይተውኝ «ምን ነካው?» ተባብለዋል።

ፈቃድ ወስጄ ወደ ሰፈሬ ሄጄ ነበር። ወደ እናንተ ግን አልመጣሁም፤ ብንገናኝ እንደገና መጮሃችን አይቀርም። የሄድኩት የእኛ የእምነት ትምህርት ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ «እዚህ አምጣት» ስላሉኝ በዓይኔ ማየት አለብኝ ብዬ። እኔም ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው፣ ያለ አንድ ሳንቲም። ያኔ ምንጣፍ ላይ ነበር የምንቀመጠው፣ አሁን አግዳሚ ወንበር አላቸው። አሮጌው አስተማሪዬ አሁንም አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። «አንተ አሁንም ትጮሃለህ» አሉኝ።

ሲስተር፣ የእናንተን ሳማ የኖርኩት ሰውዬ የእኛን አይቼ አፈርኩ። የሴቶቹ ክፍል አሥረኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ለሴት ልጅ «ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። ቀለሜ ከመጣች ያለፈችውን ክፍል ትደግማለች፣ ፈተናውም ይቀራል። ይህም ብቻ አይደለም። መጀመሪያ በምእመኑ ፊት ቆማ «ተሳስቻለሁ» ማለት አለባት አሉኝ፣ እዚያው የጠበቁኝ ሽማግሌዎች።

«ምኑን ነው የተሳሳተችው?» አልኩ። «አንደኛ መውጣቷን?»

ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ እነሱ ዝም ብለው ሊያልፉት ነው። እኔ ግን ዝም አላልኩም። የእናንተ አለቃ ተንበርክካ ትግባ ይላል፣ የእኛ ሽማግሌዎች ተንበርክካ ትመለስ ይላሉ፤ ሁለታችሁም ልጄን የምትፈልጓት በጉልበቷ ነው። ከሁለት ያጣች ልታደርጓት ነው። ሞቼ ነው ቆሜ! አትንበረከክም። ይህንኑ ነገርኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንዱ ሽማግሌ «አባትህ ቢኖር በአንተ ያፍር ነበር» አለኝ። ይህቺ ቃል ገና አልወጣልኝም።

ስወጣ አሮጌው አስተማሪዬ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። ሊገስጹኝ መስሎኝ ነበር።

«አንደኛ ነው ያልከኝ?» አሉ።

«አንደኛ ነው» አልኩ።

«ከስንት?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሄዱ ፈገግ ብለው ነበር።

አላወጣትም። እህቴም «ጨርቁ ቢቀር ይቅር፣ መርፌና ክሬ አልጠፋም» ብላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም ሆነናል።

የቀለሜ አባት

*

መጋቢት 20

ለቀለሜ አባት፤

ይህ ደብዳቤ የእህትዎን ወሬ ቀድሞ እንዲደርስልኝ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው የሮጥኩት። ስለዚህ ሰላምታዬን በአንድ ቃል ይቀበሉኝ፤ ደህና ናት።

የሦስተኛው ሩብ ዓመት ውጤት ወጣ። አሁንም አንደኛ ናት። ማግስቱን የማኅበሩ አለቃ መጡ፤ ጥበቃውም «አታስገባ ተብያለሁ» ብሎ ቀለሜን ከበር መለሳት። እኔን ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቼ «በፈቃዷ ለቃለች» ብዬ እንድናገር አዘዙኝ። እኔ ስመነኩስ ቃል የገባሁት ለመታዘዝ ነው አልኳቸው፤ ለመዋሸት አይደለም።

እሳቸውም ራሳቸው መድረክ ላይ ወጡና «ሁለተኛዋ ታንብብ» አሉ።

ሁለተኛዋን ያውቋታል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ልጅ ናት። ቀለሜን አትወዳትም። እሷን ለመቅደም ቤቷ ድረስ አስጠኚ እየመጣላት ነው፣ እስካሁን ግን አልሆነላትም። ደስ ብሏት ትሮጣለች ብዬ ነበር። ተነሳች፣ መድረኩ ሥር ደረሰች፣ ዞረች። «እኔ ሁለተኛ ነኝ» አለች። «አንደኛዋ በር ላይ ናት። ሰው ተባርሮልኝ አንደኛ መሆን አልፈልግም፤ ራሴ ነኝ የምቀድማት።» ሄዳ ቁጭ አለች።

ሦስተኛዋን ጠሩ። «ሦስተኛ ነኝ» ብላ ተቀመጠች። አራተኛዋም ተነስታ «አራተኛ» አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ ወረደ። የመጨረሻዋ ሁልጊዜ የምትቀልድ ልጅ ናት። «አባታችን፣ እኔ ላንብብ ካሉኝ ይህ ጸሎት እስከ ምሳ አያልቅም» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን መጽሐፉን ነጥቀው ራሳቸው አነበቡት፤ «አሜን» የሚል ጠፋ። ደወል የሚደውሉት ሽማግሌ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ደወሉ አልተደወለም። ማግስቱንም፣ ከዚያ ወዲያም። ልጆቹ ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ አዳራሹ ውስጥ ደብተራቸውን ዘርግተው እርስ በርስ እየተጠያየቁ ለፈተና ያጠናሉ። የመጨረሻዋን ልጅ ሒሳብ የምታስረዳት የባንኩ ሰውዬ ልጅ ሆናለች፤ ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ትደጋግምላታለች። ማታ ደግሞ ያጠኑትን ለቀለሜ ይዘው እህትዎ ቤት ይሄዳሉ።

እኔ አላሳደምኳቸውም። ይህን ለሚጠይቅዎ ሁሉ መመስከር ይችላሉ። አልከለከልኳቸውምም፣ ይህን ደግሞ እኔው እመሰክራለሁ።

ስለ እኔ ይጠይቁ ይሆናል። ደህና ነኝ።

ሲስተር

*

መጋቢት 29

ይድረስ ለሲስተር፤

«ደህና ነኝ» ብለው እዚያው ላይ ሲያቆሙ ደህና እንዳልሆኑ ገባኝ። የእርስዎ ደብዳቤ በአንድ ቃል አያልቅም። እህቴም ጻፈችልኝ፤ ሻንጣ ይዘው ከግቢው በር ሲወጡ አይታዎታለች። ልትሸከምልዎ ብትሮጥ «ቀላል ነው» ብለው ከለከሏት አሉ። የተማሪዎቹን ጠርሙስ የሚያጥብ ሰው ሻንጣ ምን ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። እንዴት ብለው ነው ግን ያልነገሩኝ?

ማን ለመነዎት? ይህን ቃሌን እንደ ስድብ አይውሰዱት። የሰው ልጅ ብለው ከኖሩበት ቤት ሲወጡ እኔ እዚህ ሳጥን እያነሳሁ እያወረድኩ ነው። ልንገርዎ፣ ሰው ለእኔ እንዲህ ያደረገበት ቀን አላስታውስም፤ እንዴት እንደሚመሰገንም አላውቅበትም።

ያንን ያዳራሹን ነገር የጻፉልኝን ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ጋ ስደርስ አንዱ ውሃ ትን ብሎት ጀርባውን መቱት። አሁን ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታችን ተለውጧል። «ጸሎቱ ተነበበ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። «ጎበዝ!» ይላሉ። ከእነሱ መሀል የእናንተም የእኛም እምነት ሰው አለ፤ ከሁለቱም ያልሆነም አለ።

ለአለቃዎ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አይደንግጡ፣ ስድብ የለበትም። ነበረበት፤ እህቴ ሰረዘችው። ሰርዛ ሰርዛ የተረፈችው ይህቺ ብቻ ናት፦ «ልጄ ሃይማኖት አላት። የጎደላት የፈተና ወንበር ነው።»

የት ነው ያሉት? በልተዋል? ይህን ደብዳቤ በእህቴ በኩል የምልከው አድራሻዎን ስለማላውቅ ነው።

የቀለሜ አባት

*

ሚያዝያ 8

ለወንድሜ፤

እንዲህ ብዬ ስጠራዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ካልወደዱት በሚቀጥለው ይሰርዙት፣ እህትዎ መሰረዝ ያውቃሉ።

ማንም አልለመነኝም። የማስተምረውን ነገር እኔው ካላደረግኩት ጠመኔዬን ይዤ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው።

ሻንጣ ይዤ የወጣሁት አልዋሽም ስላልኩ አለቃችን ከግቢው አስወጥተውኝ ነው፤ ከዚያ ነገሩ እንዲህ አለቀ። ፈተናው እየቀረበ ደወሉ ሳይደወል ሲሰነብት የልጆቹ ወላጆች ተሰብስበው መጡ፤ የባንኩ ሰውዬ ከፊት ሆነው። አለቃችን ደንቡን ሊሽሩት ፈለጉ፣ ግን የመሥራቿን እናታችንን ቃል ማን ደፍሮ ይሽራል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ትንሽ ታገሉ። በመጨረሻ ቀለሜ ትመለስ፣ ፈተናዋንም ትውሰድ፣ ኃላፊዋ ግን ትዛወር ተባለ። ይህን ውል ሲያነቡልኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ቶሎ ፈርሙ ለማለት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አልዋሽዎትም፣ ከዚያ ግቢ ስወጣ አልቅሻለሁ። ሌላ ቤት አላውቅም። ያለሁበት አንድ ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲመጣ መጮህ ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ድምፅ እዚህ ይጠቅም ነበር። የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። ላቦራቶሪ የለም። ኮምጣጤና የዳቦ ሶዳ አግኝቻለሁ፣ ለጊዜው ይበቃናል። እበላለሁ፣ አይጨነቁ።

«ተጸጽቻለሁ ብለሽ ጻፊና እንመልስሻለን» ብለውኛል። ብዕሬ ደርቋል ብዬ መለስኩላቸው። ለእርስዎ ሲሆን ግን ይኸው ይጽፋል።

አሁን ልመናዬን ይስሙኝ። ትምህርት ቤቱ ለአጭር ዕረፍት ተዘግቷል። ሚያዝያ 20 ሲከፈት ያልተነበበው ሳምንት ይነበባል፤ ተራው የቀለሜ ነው። አለቃችን ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ መገኘት ተከልክያለሁ። እርስዎ ይሂዱልኝ። ኋላ ይቁሙና ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ምን እንደምታደርግ አልጠየቅኳትም። እርስዎም አይጠይቋት። እባክዎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም «እንዲህ አድርጊ» ሳይላት ትቁም።

እህትዎ፣ ሲስተር

*

ግንቦት 3

ለእህቴ፤

አልሰረዝኩትም።

እንዳሉኝ ሄድኩ። እንዳሉኝ አልጠየቅኳትም። ይህ እንዴት እንደከበደኝ እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው። ጠዋት ጫማዋን ስታስር አፌን እየከፈትኩ ስዘጋ አይታ «አባዬ፣ ጥርስህን ያምሃል?» አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ኋላ ቆምኩ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ እህቴ አለች፣ ደወል የሚደውሉት ሽማግሌም ከእኔ አጠገብ ናቸው። አለቃዎ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ስሟ ተጠራ። ወጣች። የእናቷ አረማመድ ነው ያላት፣ ይህን እስከዛሬ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። መጽሐፉን አነሳችና ገለጠችው። ብታነበው ከእኛ ሰዎች ጋር መኖሬ አበቃ። ካላነበበችው ለእሷ ብላችሁ ያን ሁሉ ያያችሁትን መከራ ምን ልትሉት ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ።

«አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ጮክ ብላ። «መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ።»

መጽሐፉን መልሳ ከደነችው።

«ጸሎቱ ግን የእናንተ ነው፤ በእናንተ አፍ ነው የሚያምረው። ተራው የእኔ ስለሆነ መስጠትም እችላለሁ። ለሁለተኛዋ ሰጥቻታለሁ።»

መጽሐፉን ለዚያች ለባንኩ ሰውዬ ልጅ ዘረጋችላት። ልጅቷም መጀመሪያ በዓይኗ ሰደበቻት፣ ከዚያ ወጥታ ተቀበለቻት። አነበበች። ቀለሜ ከመድረኩ አልወረደችም፤ እጇን አጣምራ ከጎኗ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «አሜን» ሲሉ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። አለቃዎ ተነሱ፣ ምን እንደሚሉ ሲያስቡ ደወሉ ተደወለ። ሽማግሌው ከአጠገቤ መቼ ሄደው እንደደረሱ አላየኋቸውም። ልጆቹም አለቃውን እዚያው ትተዋቸው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔ አለቀስኩ። ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ነበር፣ ያዩትን ሁሉ ጻፍ ስላሉኝ ነው።

ማታ ላይ ጠየቅኳት፤ አሁን ይፈቀድልኛል ብዬ። ለምን አላነበብሽውም አልኳት። «ቢከለክሉኝ ኖሮ አነበው ነበር» አለች። «ሲፈቅዱልኝ ግን የእኔ እንዳልሆነ ታወቀኝ።» ከዚያ የኬሚስትሪ መጽሐፏን አነሳችና «አባዬ፣ አትረብሸኝ» ብላ አባረረችኝ።

ወደ ወደቡ ከመመለሴ በፊት ሽማግሌዎቻችን አስጠሩኝ። ሁሉም ተሰብስበው፣ ፊታቸው በርቶ። ያ በአባቴ ስም የተናገረኝ ሰውዬ ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ጸሎታቸውን አላነበበችም አሉ፤ ሰምተናል» አለኝ። «ደስ ብሎናል። እንግዲህ ይቅር ብለናታል።»

«እሷ እናንተን ይቅር ማለቷን ግን እኔ አላውቅም» አልኩት። «ሰኞ ፈተና ትቀመጣለች። ስትጨርስ ጠይቄ እነግራችኋለሁ።»

የቀለሜ አባት